ሁለት ዲግሪ ለእሷ

ጋሽ ዲግሪ የኮሌጅ ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ስሙ የወጣላቸው ከግድቡ ውሃ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው የውሃውን ሙቀት ለክተው፣ ዋናተኞች በሚገቡበት የሲሚንቶ ደረጃ አጠገብ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፉ ነበር። ከቁጥሩ ሥር ምክር ቢጤ ጣል ያደርጋሉ። «ከሰዓት ነፋስ አለ፤ ከገመዱ አትለፉ።» «ዝናቡ አደፍርሶታል፤ አፋችሁን ዝጉ።» «ላይ ላዩ ሞቋል፣ እግር ግን ይበርደዋል፤ ኋላ አልነገሩንም እንዳትሉ።»

ዛሬ ሰሌዳው ባዶ ነው። አዲስ መሣሪያ መጥቶ ከደረጃው የብረት ድጋፍ ጋር ታስሯል፤ ራሱ ይለካል፣ ራሱ ወደ ቢሮ ይልካል፣ ምክር ግን አይሰጥም። ጋሽ ዲግሪም ጡረታ ወጥተዋል። አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው ዕቃቸውን ልታሸክፍላቸው መጥታ፣ ባለ አንድ መስኮት በሆነችው ጠባብ የሥራ ክፍላቸው ውስጥ ካፖርታቸውንና ቦት ጫማቸውን ከሚስማር ላይ እያወረደች ነበር። ከውሃ ቢሮ የተላከችው ወጣት ባለሙያ ደግሞ ካርቶን ይዛ የየቀኑ ልኬት በተጻፈባቸው ሠላሳ አንድ ደብተሮች ፊት ቆማለች።

«አባባ፣ አይቀየሙኝ» አለች ባለሙያዋ፤ ልጅቷ እንኳ ጨዋ ናት። «ሳምንቱን ሙሉ አነጻጽሬዋለሁ። መሣሪያው አሥራ ሰባት ሲል እርስዎ አሥራ ዘጠኝ፤ እሱ አሥራ ዘጠኝ ሲል እርስዎ ሃያ አንድ። ቴርሞሜትርዎ ተበላሽቷል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስለማይታወቅ ደብተሮቹ አይጠቅሙንም። አለቃዬ ይጣሉ ብሏል።»

ይጣሉ! እንዲህ በቀላሉ! የድርቁ ዓመት እዚያ ውስጥ አለ፤ ውሃው ሸሽቶ የድሮው መንገድ ድንጋይ ብቅ ያለበት። ጋሽ ዲግሪ በአርባ ትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ወርደው የለኩበት ማለዳ አለ። አንዲትም ቀን አልተዘለለችም። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

ደግሞስ ቴርሞሜትሩ ምን በወጣው! በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ታስሮ፣ ክንድ ተኩል ያህል ወርዶ፣ እስከ መቶ ተቆጥሮ ከነውሃው የሚወጣው ያ የብርጭቆ ቴርሞሜትር አንድ ቀን ዋሽቶ አያውቅም። የዋሹት ጋሽ ዲግሪ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በተጋቡ በሦስተኛው ወር፣ ሥራውን በያዙበት በመጀመሪያው ማለዳ ነው። ሚስታቸው ብርድ የምትፈራ፣ ውሃ በሩቁ ስታይ ጥርሷ የሚንገጫገጭ ሴት ነበረች። እሳቸው ደግሞ ከእሷ ጋር መዋኘት አማራቸው። ለመኗት፣ ለመኗት። «ሃያ ካልሞላ ንክች አላደርገውም» አለች። ቅዝቃዜው ገና እየለቀቀ ነው፤ በዚያ ማለዳ ጣሳው ሲወጣ አሥራ ስምንት አለ። ጋሽ ዲግሪ ዞር ብለው አዩ፤ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ደረጃው ላይ ቆማለች። ጠመኔውን አነሡና «ሃያ» ብለው ጻፉ። እሳቸው ቀድመው ገብተው እጃቸውን ዘረጉላት።

«ኧረ ጉዴ! ይሄ ነው ሃያ?» ብላ ጮኸች፤ ግድቡ በሙሉ ሰማት። ከዚያ ሳቀች። ያ ሳቅ! እስከ ዛሬ ጆሯቸው ውስጥ አለ።

ከዚያ በኋላማ በየዓመቱ ቅዝቃዜው ሲለቅ ጀምረው ዝናቡ ውሃውን እስኪያደፈርሰው፣ ሥራ ከመግባታቸው በፊት አብረው ይገቡ ነበር። አንድ ቀን ጨምሬ አንድ ቀን ብተው ትነቃብኛለች ብለው፣ በበጋም በክረምትም፣ በሰሌዳም በደብተርም ሁለት ጨመሩ። እሷ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆነ። ታዲያ ከዚያ ወዲህ ለማን ነው የሚጨምሩት? ጅልነት ነው፤ ያውቁታል። ግን እጃቸው እሺ አላለም። ሁለቷን መተው እሷን ዳግም መቅበር መሰላቸው። ውሃውንም ከዚያ ወዲህ እግራቸው አልነካውም።

አሁን ዝም ቢሉ ጥፋቱ የቴርሞሜትሩ ሆኖ ይቀራል፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ልፋት ግን ቆሻሻ መጣያ ይገባል። ቢናገሩ ደግሞ ልጃቸው እዚህ ቆማለች። እናትሽን ዕድሜ ልኳን ሳታልላት ኖርኩ ብሎ ለልጅ እንዴት ይነገራል?

ባለሙያዋ የመጀመሪያውን ደብተር ካርቶኑ ውስጥ ስትጥለው ግን አልቻሉም።

«ቆዪ፣ ልጄ! ቴርሞሜትሩ ደህና ነው። ሁለት የምጨምረው እኔ ነኝ።»

«ምን?» አለች ባለሙያዋ።

«ሁሌም ሁለት። አንድ ቀን እንኳ አልሳትኩም። ሁለት ሁለት ቀንሱለት፤ ልክ ይመጣል።» በጣታቸው ደረጃውን አሳዩ። «ሚስቴ ብርድ ትፈራ ነበር።»

ባለሙያዋ በመስኮቱ ወደ ውሃው አየች። «ሌላው ሰውስ፣ አባባ? በዚህ ሁሉ ዓመት የዋኘው?»

«ተንዘፈዘፈ፤ ምን ላድርግ?»

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጠች፤ ግን ሥራዋን የምታውቅ ናት። ጣሳውን ይዛ ወርዳ ከመሣሪያው አጠገብ አጠለቀችው፤ ጋሽ ዲግሪ እንደነገሯት እስከ መቶ ቆጠረች። ቴርሞሜትሩም አሥራ ዘጠኝ፣ መሣሪያውም አሥራ ዘጠኝ። ተመልሳ ደብተሩን ከካርቶኑ አወጣች፤ አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እነዚህን ማንም አይጥላቸውም። ለአለቃዬ እኔ እነግረዋለሁ» አለች።

ጋሽ ዲግሪ ግን የልጃቸውን ፊት ማየት ፈሩ። «ይቅር በይኝ። እናትሽን አታለልኳት» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«እማዬን?» ልጃቸው ቦት ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠችና አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባዬ ሙት፣ የሚታለለውስ አንተ ነበርክ! እኔ በተወለድኩ ዓመት የእኔን የገላ ውሃ በምትለካበት ቴርሞሜትር ግድቡን ለክታ ደርሳብሃለች። እዚህ ክፍል ልብስ ስንቀይር በበሩ ቀዳዳ ሰሌዳውን ታይና ‹ሃያ አንድ ብሏል፤ እንግዲህ አሥራ ዘጠኝ ነው፣ ጥርስሽን ንከሺ› ትለኝ ነበር።»

«አውቃ? ታዲያ ለምን ገባች?»

«እኔም ጠይቄያታለሁ። ‹አባትሽ እጁን ሲዘረጋልኝ ፊቱን አይተሽዋል? ለዚያ ፊት በረዶም ቢሆን እገባለሁ› አለችኝ።»

ሽማግሌው አለቀሱ፤ እንደ ሕፃን፣ ሳያፍሩ። ባለሙያዋ ደብተር የምትቆጥር መስላ ጀርባዋን አዞረች።

ሲረጋጉ ተነሥተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። ጠመኔውን አነሡና «አሥራ ዘጠኝ» ብለው ጻፉ። በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያው እውነተኛ ቁጥር ነው። እጃቸውን አራግፈው ዞር ሲሉ ልጃቸው ጫማዋን አውልቃ፣ ከነቀሚሷ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። እጇን ዘረጋችላቸው።

«ና እንጂ፣ አባዬ! ምን ታያለህ? ሃያ አንድ ነው!»

ጋሽ ዲግሪ ሰሌዳውን አዩ፤ የልጃቸውን ፊት አዩ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ፣ በሆዳቸው ሁለት ቀነሱና ገቡ።