አትደርስም ነበር

...ከበሮው ሲገባ ወደ ግራ፣ እንደዚያ ነው የለካሁት፣ ያለ ዘፈን አልነዳም፣ ሰዓት አላምንም፣ ጊታሩ ሲጮህ ከወርቅ ቤቱ ይወጣሉ፣ ከበሮው ሲገባ ግራ፣ አዝማቹ ሲደገም ድልድዩን እናልፋለን፣ ፖሊስ እዚያ ይቀራል። ሦስት ሳምንት ተለማመድኩት። ሁሉም ልክ ነው።

ከኋላ ሁለት ሳይረን። ሦስት።

ንዳው እንጂ አማቼ፣ ንዳው! ይላል አጠገቤ፣ አለቃችን፣ የሚስቴ ወንድም፣ የስልኮቹን ቦርሳ ጭኑ ላይ አቅፎ፣ ሥራ ላይ ስልክ የለም፣ ሕግ ነው፣ የሁላችንንም እሱ ይሰበስባል፣ አፈር ይሰብስበው። ቁልፍ ሰባሪው ከኋላ ወርቁ ላይ ተጋድሞ ይስቃል፣ ይሄ ሰውዬ መሪ ነው የያዘው ፒያኖ?

ሳቅ አንተ።

ያን ቀንም ወርቅ ቤቱ ማዕዘን ላይ ቆመን ነበር፣ ስርቆት እንኳ አልነበረም፣ ሱቁን ስናጠና ነው፣ ዘበኛው ስንት ሰዓት ምሳ ይበላል ስንል፣ ስልኬ ቦርሳው ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ጠራ፣ ያየው እሱ ነው፣ የገዛ እህቱ መሆኗን አይቶ ያጠፋው እሱ ነው፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና አባቢ የት ሄደ ትላለች ልጄ፣ አራት ዓመቷ፣ ሐኪሙ አባቷን ጥሩት ይላል፣ አባቷ የዘበኛ ጉርሻ ይቆጥራል።

ቀብሯ ላይ እኔን ይድፋኝ እያለ ከሁላችን በላይ ጮኸ። ምን ነበረበት ቢደፋው። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ፣ ብነግርህም አትደርስም ነበር፣ ሩቅ ነው፣ አለኝ፣ እኔም አመንኩ፣ ጅል፣ ሾፌሩ እኔ ሆኜ ርቀት የሚነግረኝ እሱ።

ከበሮው ገባ።

ግራውን አለፍኩት።

የት ነው? አንተ፣ የት ነው! መሪውን ሊይዝ ይንጠራራል፣ በክርኔ ደረቱን እላለሁ፣ ቀኝ፣ ጎማው ይጮኻል፣ ቀይ መብራት፣ የዳቦ መኪና፣ የጎን መስተዋቴ ተገንጥሎ ሄደ፣ ይሂድ፣ ቁልፍ ሰባሪው ሳቁን ዋጠ፣ ኧረ በእናትህ፣ ልጆች አሉኝ፣ አሉህ አይደል፣ ደስ ይበልህ። ድልድዩ በግራ ነው አንተ ደደብ! ድልድዩንማ አውቀዋለሁ። አዝማቹ ተደገመ፣ ልጄ እዚህ ጋ ነበር የምታጨበጭበው፣ አንድ ምት ዘግይታ፣ ሁልጊዜ አንድ ምት ዘግይታ፣ ቀኝ፣ ዳገት፣ መድኃኒት ቤቶች፣ ነጭ ግንብ።

ፍሬን።

የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር። ፊቴ ግንብ፣ ኋላዬ ሳይረን። አብደሃል? አብደሃል ወይ? የእሱ በር አምዱን ተጠግቷል፣ አይከፈትም፣ በጉልበቱ ይመታዋል፣ ይምታው፣ ዝም በል እለዋለሁ፣ ስማ፣ የዘፈኑን ድምፅ ከፍ አደርገዋለሁ፣ እጆቼን ከመሪው አነሳለሁ።

ደረስኩ።

ዘፈኑ ገና አላለቀም።