እናቴ የሳለችው የዘር ሐረግ

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ምላሷ ከመቀሷ ስለሚብስ ሰፈርተኛው «መቀስ» ይላታል። እንዲህ ያለች ሴት የልጅ ነገር ሲነሳ ግን ዝም ትል ነበር። ከሁለታችን ሴቶች፣ ከእኔና ከእህቴ ሌላ፣ ሦስት ወንዶች አርግዛ፣ ሁለቱ ጨነገፉ፣ አንዱ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የአባቴ እህት «ወንድ የማይበረክትበት ማህፀን» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ዓመት የሒሳብ መምህርቷ እህቴ ክፍል ውስጥ እያስተማረች ራሷን ስታ ወደቀች። የነርቭ ሐኪሟ የጭንቅላቷን ምስል አስነስታ፣ አንጎሏ መሃል የተደረደሩ ትናንሽ ጉብታዎች አሳየችን።

«እነዚህ ሕዋሳት ገና በፅንስነቷ ወደ አንጎሏ ዳር መጓዝ ነበረባቸው፤ ከተነሱበት ሳይርቁ ቀሩ። የጣላት ይኸው ነው። ከቤተሰቡ ሌላ የሚጥለው ሰው አለ?»

«የለም» ልል ስል እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔን በልጅነቴ ይጥለኝ ነበር። እማዬ ለማንም እንዳትተነፍሺ ስላለችኝ፣ ይኸው አርባ ዓመት ዋጥኩት።»

የእናቴም የእህቴም ደም ተመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ አንድ ዘረመል በሁለቱም ላይ ተለውጦ ተገኘ።

«ሴት የዚህ ዘረመል ሌላ ጤነኛ ቅጂ ስላላት ትኖራለች» አለች ሐኪሟ። «ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱ ከተበላሸ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሳይወለድ፣ ወይ እንደተወለደ ይሞታል። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም፣ እናቴ።»

እናቴ አላለቀሰችም። ቤት ስንገባ የልብስ ንድፍ የምታወጣበትን ሰፊ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ለእህቶቿ፣ ለአክስቶቿና ለልጆቻቸው አንድ በአንድ ደወለች፤ ማንን ይጥላታል፣ ማን ወንድ ልጅ ሞቶባታል እያለች ጠየቀች። ሴቱን በክብ፣ ወንዱን በአራት ማዕዘን እየሳለች ሦስት ቀን ፈጀች። የራሷን ሦስት ወንዶችም በአራት ማዕዘን ሳለቻቸው።

ወረቀቱን ይዘንላት ስንሄድ ሐኪሟ ቆማ አየችው። «ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር ይዞልኝ የመጣ ሰው የለም።»

«ሳይለኩ አይቆረጥማ» አለች እናቴ።

በዚያ ወረቀት መነሻ ሰባት ሴቶች ተመረመሩ። እኔና ሁለት ዘመዶቼ ነፃ ወጣን፤ አራቱ ሐኪም ይከታተላቸው ጀመር።

አክስቴም፣ ያቺ የአባቴ እህት፣ ወሬውን ሰምታ መጣች። እናቴ ሁሉንም ካስረዳቻት በኋላ አክስቴ መሬት መሬቱን እያየች «እና እኔ አሁን ምን ልበል?» አለች።

«ለእኔ ምንም። ያኔ ለነገርሻቸው ሁሉ ግን ይሄንንም ንገሪልኝ።»

ነገረች፤ ቤት ለቤት እየዞረች።

እህቴ መድኃኒቷን እየዋጠች ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። ተማሪዎቿ «ቲቸር፣ ያን ቀን ምን ሆነው ነው?» ሲሏት፣ ጠመኔዋን አንስታ ሰሌዳው ላይ ክብና አራት ማዕዘን ትስልላቸዋለች። «ይህቺ» ትላለች ከላይ ያለችውን ክብ እያሳየች፣ «እናቴ ናት።»