ሳማ የወደደው መሬት

አትክልተኛዋ ሳማውን ከነሥሩ መንጭቃ አወጣችና አፈሩን አራግፋ የእጅ ጋሪው ላይ ወረወረችው። ግማሹን ጨርሳለች። ነገ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ የኮንክሪት መኪና ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ይህ የኋላ ግድግዳ ሥር የእንግዶች መቀመጫ ወለል ይሆናል፣ እሷና ሳማውም ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ይለያያሉ። ችካሉ ተተክሏል፣ ሲባጎው ተወጥሯል። ጓንቷን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ፣ እያንጎራጎረች ወደሚቀጥለው ጎንበስ አለች።

"ሳማ እዚህ ብቻ ነው ያለው?" የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

ዕፅዋት የምታጠናዋ ተማሪ ነበረች። ወደ ግቢው ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከእንጨት የተሠራ አራት ማዕዘን ሣሩ ላይ ታጋድምና በውስጡ የበቀለውን ሁሉ አንድ በአንድ እየቆጠረች ትመዘግባለች። የበሩ ጥበቃ የመጀመሪያ ቀን ሲያያት፣ ሣር ለመቁጠርም ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ስቆባታል። አትክልተኛዋ ግን ወደደቻት። እዚህ በሠራችበት ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሣሯን ተንበርክኮ ያየላት የመጀመሪያ ሰው ይህች ልጅ ናት። ሌላው እንግዳ የሚመጣው ስሞቹን ለማንበብ ነው፤ ሣሩ ትዝ የሚለው ጫማውን ሲያረጥበው ብቻ ነው።

ግቢው ድሮ የጡብ ፋብሪካ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ሠራተኞቹንና ቤተሰቦቻቸውን፣ በጠቅላላው አርባ አንድ ሰው፣ በአንድ ቀን እዚህ ረሸኑ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የጡብ አፈር ይወጣበት ከነበረው ጉድጓድ የሠላሳ አራቱ አስከሬን ተገኘ። ሰባቱ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አሁን ጉድጓዱ ተደፍኖ ሣር ለብሷል፤ የአርባ አንዱም ስም ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። እሷ ሣሩን ታጭዳለች፣ ጽጌረዳውን ትገርዛለች፣ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ደግሞ የሠራችውን የዕለት ሥራ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፤ የግቢው ኃላፊ ይፈርምበታል።

"እዚህ ብቻ ነው" አለችና ወሬ ስለናፈቃት ተረከዟ ላይ ቁጭ አለች። "ባሌ ጣውንትሽ ይላታል።"

ታሪኩን ነገረቻት። ሥራ በጀመረችበት ዓመት ሳማው እስከ ወገቧ ይደርስ ነበር። ሌላው ሣር ሲደርቅ እንኳ እሱ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ ይፋፋል። ነቀለችው፣ አቃጠለችው፣ አዲስ አፈር አልብሳ ሣር ዘራችበት፤ በዓመቱ ተመለሰ። በጥቁር ፕላስቲክ ሸፈነችው፤ በፕላስቲኩ ጠርዝ ብቅ አለ። እልህ ተጋባች። እጇ ተለብልቦ ቤቷ ስትገባ ባሏ "ጣውንትሽ እንዴት ዋለች?" ይላታል፤ ልጇ ደግሞ እየሳቀች ቅባት ታቀብላታለች። ባለፈው ወር ኃላፊው ለእንግዶች መቀመጫ ቦታ ሲያፈላልግ፣ እዚህ ይሁን ብላ የመከረችው ራሷ ናት። እሱ ቦታ አገኘ፣ እሷ ተገላገለች።

ተማሪዋ መጻፏን አቁማ ነበር።

"ቅርጹ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር?"

"እንደ አልጋ ነው። ቁመቱ አራት እርምጃ፣ ወርዱ ሁለት። ከዚያ አያልፍም።"

"መሬቱስ? ዝቅ ይል ነበር?"

"በየክረምቱ ስንዝር ያህል ይሰምጥ ነበር። እኔ ነኝ በጋሪ አፈር እያመላለስኩ ያስተካከልኩት። አሁን ብትፈልጊም ልዩነቱን አታገኚውም።"

ይህን ያለችው በኩራት ነበር። ልጅቷ ግን ጎበዝ አላለቻትም። ቃላት እየመረጠች ማስረዳት ጀመረች። ሳማ የሚወደው የሰባ አፈር ነው፤ ፍግ የተከመረበት፣ ወይም ሥጋና አጥንት የተቀበረበት መሬት ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳማ ሊያበቅል ይችላል። በጥልቀት ተቆፍሮ የተሞላ መሬት ደግሞ እየቆየ ይሰምጣል። እሷም ይህን ሁሉ አገር የምትዞረው ሰው በተገደለባቸው ቦታዎች ላይ ምን እንደሚበቅል ለመመዝገብ ነው።

"ግን እትዬ፣ ሳማ ብቻውን ምስክር አይሆንም" አለች፣ የአትክልተኛዋ ፊት መለወጡን አይታ። "የእንስሳት ጋጣ የነበረበት ቦታም እንዲሁ ነው። ተቆፍሮ ካልታየ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም።"

አትክልተኛዋ ጋሪው ላይ የተከመረውን ሳማ አየች።

ጋጣ የምትለዋን ቃል ግን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ፋብሪካው አፈር የሚያመላልሰው በበቅሎ እንደነበር መግቢያው ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ይመሰክራል። በቅሎ ካለ ጋጣ አለ። ጋጣው እዚህ ከነበረ ዘጠኝ ዓመት የታገለችው ከፋንድያ ጋር ነው ማለት ነው፤ ነገ ኮንክሪቱ ይፈስሳል፣ እሷም እንቅልፏን ትተኛለች። ጋጣ እንዲሆን ከልቧ ተመኘች።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋራዥ ለሚሠራው ባሏ ደወለች። እስክትጨርስ አዳመጣትና አርፋ እንድትቀመጥ መከራት። የሥራ ውሏ የሚታደሰው በዚህ ወር ነው፣ የልጃቸው ትምህርት ቤት አለ፣ ደግሞስ ማን ጠየቃት? ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን አላስችል አለው።

"ቆይ እስቲ፣ ወርዱ ሁለት እርምጃ ነው ያልሽኝ?"

"ሁለት።"

"እና ይሄ ጋጣ ይሆናል? በቅሎዋ መዞሪያ እንኳ አታገኝም።"

እሷንም አልዋጥላት ያለው ይኸው ነበር። ወደ መግቢያው ሄዳ ፎቶግራፉ ላይ አፍንጫዋ እስኪነካ ተጠጋች። የጭስ ማውጫው ይታያል፣ ጆሯቸውን ያቆሙ ሁለት በቅሎዎች ይታያሉ፣ ጋጣው የለም። ጥበቃው ወደ ግቢው የመጣው ከሷ በኋላ ነው። ኃላፊው የተሾመው ከሁለቱም በኋላ ነው። ፋብሪካውን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ጡረተኛው መምህር እንደ ልማዳቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጃንጥላቸውን እየተመረኮዙ ገቡ። አባታቸው በፋብሪካው ምድጃ ጡብ አቃጣይ ነበሩ። ያን ቀን እሳቸው የስምንት ዓመት ልጅ ሆነው ትኩሳት ይዟቸው አክስታቸው ቤት ተኝተው ስለነበር ተረፉ። የአባታቸው አስከሬን ከጉድጓዱ ወጥቷል። የአሥራ ስድስት ዓመት እህታቸው ግን ካልተገኙት ሰባት ሰዎች አንዷ ናት። መምህሩ በመጡ ቁጥር ድንጋዩ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ አትክልተኛዋ ስታልፍ አንዲት ጥያቄ ይጠይቋታል። እሷም ሁልጊዜ "የለም አባባ፣ ሣሩ ብቻ ነው የሚያድገው" ትላቸዋለች። ፈገግ ይላሉ።

"አዲስ ነገር አለ?" አሉ ዛሬም።

የለም አላለችም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ የበቅሎዎቹ ጋጣ የት እንደነበር ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

መምህሩ ፊታቸው በራ። አርባ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ካርታ መሥራት አይሰለቻቸውም። በጃንጥላቸው ጫፍ ጠጠሩ ላይ ይሥሉ ጀመር፤ ይህ ምድጃው፣ ይህ ጡብ የሚደርቅበት ዳስ፣ ይህ በሩ። ጋጣው በሩ አጠገብ ነበር፣ አሁን የጥበቃው ቤት የቆመበት። አንዷ በቅሎ ሸሚዛቸውን ነክሳ እንደቀደደችባቸውና ስለተቀደደው የተገረፉት ግን እሳቸው እንደሆኑ ጨምረው ነገሯት። አትክልተኛዋ እርግጠኛ መሆናቸውን ሁለት ጊዜ መልሳ ጠየቀች።

"በኋላው ግድግዳ በኩልስ ምን ነበር?"

"ምንም። ባዶ መሬት ነው፣ ኳስ የምንጫወትበት።" ጃንጥላቸውን ከጠጠሩ ላይ አነሡ። "ምነው ልጄ፣ ለምን ጠየቅሽኝ?"

እንዲሁ ነው ብላ ብትነሣ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ውሏ ይታደሳል፣ መኪናው በሰዓቱ ይመጣል፣ ሽማግሌውም በሚቀጥለው ማክሰኞ ኮንክሪቱ ላይ ቁጭ ብለው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቋታል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከበዳት። ሳማውን፣ የሚሰምጠውን መሬት፣ በጋሪ ያመላለሰችውን አፈር፣ ነገ የሚመጣውን መኪና፣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ 'የለም' ስልዎት ኖርኩ" አለች። "ሊሆንም ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ምልክቱን ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

አትክልተኛዋ አፍራ መሬት መሬት ታያለች፤ ቢቆጧት ይቀላት ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘረጉላት።

"ውሰጂኝ።"

ግድግዳው ሥር ሲደርሱ ካልተነቀለው ሳማ ፊት ጎንበስ አሉና፣ እጃቸውን ለመያዝ ሳትደርስ አንዷን ቅጠል ነኩ። ለበለበቻቸው። ጣታቸውን አንሥተው በመገረም አዩት፤ ከዚያ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ።

"ሳማ አልነበረም" አሉ። "በባዶ እግራችን ነበር የምንጫወተው። ቢኖር እግሬ አይረሳውም ነበር።"

ተማሪዋ ይህን ሰምታ ደብተሯን ገለጠች። አትክልተኛዋ ደግሞ ጓንቷን አውልቃ በቀጥታ ወደ ቢሮ ሄደች።

ኃላፊው ከሦስት ቀን በኋላ ለሚከበረው የመታሰቢያ ቀን የእንግዶች ዝርዝር እየጻፈ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ በሥራው ላይ ድንገተኛ ነገር አይወድም። ከሰማት በኋላ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

"ሐሳቡ ያንቺ አልነበረም እንዴ?"

"የኔ ነበር። አሁን ላነሣው ነው የመጣሁት።"

"እንግዶቹ ቁመው ሊውሉ ነው። የበላዮቼ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? በሳማ ምክንያት ነው ልበል?"

"አትክልተኛዋ ዘጠኝ ዓመት ሳታውቅ ስትደፍነው ኖራለች ይበሉ።"

ኃላፊው በቃል ብቻ መኪና እንደማያስቀር ነገራት። በጽሑፍ ታቅርብ፣ ስሟም ይኑርበት። ውሏ በዚህ ወር እንደሚያልቅ ትዝ እንዲላትም ጠቆም አደረጋት። ያለው ሊያስፈራራት ይሁን ሊያዝንላት አልገባትም፤ ምናልባት እሱም አልገባውም።

ከቁም ሣጥኑ ዘጠኝ መዝገቦች አወጣች። የራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ ቀጥ ያለና ንጹሕ፣ በየገጹ ይጠብቃታል፤ በኋላ ግድግዳ ሥር ሳማ ተነቅሏል፣ መሬቱ ተስተካክሏል። ከሥሩ ፊርማ። ቁራጭ ወረቀት እያስገባች የነቀለችበትንና አፈር የሞላችበትን ቀን ሁሉ ምልክት አደረገች፤ ቢያንስ ቆፋሪዎቹ ምን ያህሉ አፈር የሷ እንደሆነ ያውቁ። ከዚያ የዛሬውን ገጽ ገልጣ ጻፈች። "በኋላ ግድግዳ ሥር ያለው ሳማ ግማሹ ተነቅሏል። ከሥሩ ሰው ሳይቀበርበት አይቀርም ብዬ ስለምጠረጥር እንዲቆፈርና እስከዚያ ድረስ እንዳይነካ አመለክታለሁ። ከአሁን በፊት መሬቱን የሞላሁትና ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።" ስሟን ሙሉውን ከነአባቷ ጻፈች።

ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። እንደ ሌላው ቀን ሳያይ አልፈረመም። ስልኩን አነሣና የኮንክሪቱን ሾፌር፣ ሌላ እስኪደወልልህ እንዳትመጣ አለው። ስለ ውሉ ምንም አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ስትመለስ ተማሪዋ ሜትሯን ዘርግታ ትለካለች፣ መምህሩም የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው የሜትሩን ጫፍ ይዘውላታል። ጧት የነቀለችው ሳማ ጋሪው ላይ ጠውልጓል። አትክልተኛዋ ችካሉን ነቅላ ሲባጎውን ጠቀለለች። ከዚያ ተንበርክካ ሳማውን ከጋሪው ላይ አንድ በአንድ እያነሣች ወደወጣበት ቀዳዳ መለሰችው፤ ቆፋሪዎቹ ሲመጡ ጫፉ የት እንደነበር እንዲያዩ።

"ይይዛል?" አለች ተማሪዋ።

"ይይዛል። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።"

መምህሩ እህታቸው በአሥራ ስድስት ዓመቷ እዚሁ ቦታ ኳስ ትለጋ እንደነበር፣ ከወንዶቹም እንደምትበልጥ ለተማሪዋ ይነግሯታል። አትክልተኛዋ እያዳመጠች የመጨረሻውን ሥር አፈር አለበሰችው። ከዚያ ተነሥታ የውሃውን ጎማ ከጽጌረዳዎቹ እስከ ግድግዳው ድረስ ጎተተችና በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳማውን አጠጣችው።