ማዶ ያለው ኢንሱሊን

የኬንያው ታና ወንዝ ሞልቶ የጋሪሳ ከተማን መንገድ ከቆረጠ ዘጠነኛ ቀናችን ነበር። የሆስፒታላችን የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ እኔ ደቃ ነኝ። ያን ዕለት ጠዋት የመጨረሻዋ የኢንሱሊን ብልቃጥ አለቀች። አልጋ ላይ መምህር ጂሎና የዐሥር ዓመቷ ኡባህ ነበሩ፤ የሁለቱም ስኳር ሽቅብ እየወጣ ነው።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። የየጤና ኬላውን ነርስ ለምኜም ተጨቃጭቄም በየሳምንቱ ያለውን መድኃኒት በስልክ እንዲመዘግብ ያደረግኩት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ስልኬን ከፈትኩ። ኮርመዶ ኬላ፣ አሥራ አንድ ብልቃጥ ይላል። በሞተር ሁለት ሰዓት ነው። ለኡባህ እናት «እስከ ቀትር ይደርሳል» አልኳትና ለኮርመዶው ነርስ ለቢሻር ደወልኩ፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አዴር፣ አጎቴ፣ ነው የምለው።

«አዴር ቢሻር፣ ኢንሱሊኑን በበረዶ ሳጥን አድርገህ አሁኑኑ ላክልኝ።»

«ደቃ... የለም።»

«እንዴት የለም? ዓርብ ዕለት አሥራ አንድ ብለህ ልከሃል!»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምሞላው። ካልሞላሁ ትነዘንዢኛለሽ። ማን ያየዋል ብዬ...»

«እኔ ነኛ የማየው! እኔ!»

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲያ የቱን ቁጥር ልመን? ለሁሉም ኬላ በየተራ ደወልኩ፤ «ፍሪጁን ክፈቱና በዓይናችሁ አይታችሁ ንገሩኝ» እያልኩ። አሥራ ዘጠነኛዋ ነርስ ስድስት ብልቃጥ አገኘች፤ ፎቶውንም ላከችልኝ። ግን ከወንዙ ማዶ ናት። ባለጀልባዎቹን ለመንኩ።

«ውሃው ዛፍ እየነቀለ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ?» አለኝ አንዱ።

በነርሶቹ የስልክ ቡድን ላይ «ማዶ ስድስት አለ፣ የሚያሻግር ጠፋ» ብዬ ጻፍኩ። ቢሻር ብቻ መለሰ። «እኔ እሄዳለሁ» ይላል። የስልሳ ዓመት ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የእሱ ስልክ አልሠራም። የኡባህ እናት በተመለከተችኝ ቁጥር ፊቴን አዞርኩ። መምህር ጂሎ መቃዠት ጀመረ፤ ተማሪዎቹን በየስማቸው ይጠራ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥራቱን ተወ።

ቢሻር ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረሰ፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ታቅፎ ወንዙን የዋኘበትን ባዶ ጀሪካን እንዳንጠለጠለ፣ የኢንሱሊኑን ሳጥን ደረቱ ላይ አስሮ። ኡባህን ወዲያው ወጋናት።

«መምህሩስ?» አለኝ።

የተሸፈነውን አልጋ አሳየሁት። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ከጠዋት ጀምሮ ስድብ አዘጋጅቼለት ነበር፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ። እኔስ ብሆን ዓመቱን ሙሉ በዚያ ቁጥር ስኩራራ አንድ ቀን ሄጄ ፍሪጁን መች አየሁ?

ኡባህ በማግስቱ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። ቆፋሪዎች የመምህሩን መቃብር ሲቆፍሩ፣ ቢሻር አንዱን አካፋ ተቀብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ።