ሳይረኑ ያልጮኸበት ቀን

አለምሰገድ ጅቡቲ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መካኒክ የነበሩ ሰው ነው። ራስ ዲካ አካባቢ በሚገኝ የዓሣ ማቀዝቀዣ ድርጅት ውስጥ በኤሌክትሪክ ባለሙያነት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። የትኛው ፓምፕ እንደደከመ ድምፁን ሰምቶ ከበር ላይ ሆኖ ይናገር ነበር።

ባለፈው ዓመት ድርጅቱ የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎቹን በአዲስ ለወጠ። አዲሶቹ በኔትወርክ የሚነጋገሩ ናቸው። ሻጩ ሁለት አማራጭ አቀረበ። በአንደኛው ሶፍትዌሩ እዚያው ግቢ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። በሁለተኛው ሙቀቱም፣ ግፊቱም፣ የማቀዝቀዣው ጋዝ መጠንም በኢንተርኔት ዱባይ ድረስ ይላካል፤ ትእዛዝም ከዚያ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ ኒዛር ሁለተኛውን መረጠ፤ በየፈረቃው መቆጣጠሪያ ክፍል የሚቀመጥ ሰው አያስፈልግም ብሎ።

አለምሰገድ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የአሞኒያ ጠቋሚውን ከአደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው አሮጌ ገመድ ባለበት ይቆይ አለ። አሞኒያ ክፍሎቹን የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ነው፤ ካመለጠ ሳንባ ያቃጥላል። ኒዛር ግን ሳይረኑን ከእንግዲህ የሚያዘው ሶፍትዌሩ ስለሆነ ገመዱን እንዲነቅለው ነገረው። አለምሰገድ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠየቀ።

«ይህን ያህል ዘመን አብረን ሠርተን ዛሬ ወረቀት ትጠይቀኛለህ?» አለው ኒዛር።

ይህ ሲባል ማይሙና አጠገባቸው ቆማ ነበር። ማይሙና ከድሬዳዋ መጥታ ባልባላ የምትኖር፣ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ የማሸጊያው ክፍል ኃላፊ ናት። አለምሰገድ አፈረ። ገመዱን በገዛ እጁ ነቀለው፤ የሥራ መዝገቡ ላይም እንደ ደንቡ ፈረመ።

ሐምሌ ላይ፣ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት አንድ ረፋድ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ገና ሳይመለስ አንድ የቱቦ መጋጠሚያ ላላ። ጠቋሚው ጋዙን አውቆ መልእክት ላከ፤ የሚቀበለው ግን አልነበረም። ትእዛዝ ስላልመጣ ሳይረኑ ዝም አለ። የማሸጊያው ሴቶች መሸሽ የጀመሩት ዓይናቸው ሲቃጠል ነው። ማይሙና ወደኋላ የቀሩ ሁለት ሠራተኞችን ልታወጣ ተመልሳ ገባች። እነሱ ወጡ፤ እሷ ቀረች። አለምሰገድ ፊቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ጠምጥሞ ገባና ተሸክሟት ወጣ።

ምርመራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ኒዛር ገመዱ ይነቀል አላልኩም አለ። መዝገቡ ላይ ያለው የአለምሰገድ ፊርማ ብቻ ነበር። አለምሰገድ ትእዛዙን የሰማ ሰው እንዳለ ሲጠየቅ የማይሙናን ስም ጠራ። መርማሪዎቹ የተኛችበት ሆስፒታል ድረስ ሄደው ጠየቋት። አላስታውስም አለች። አለምሰገድ ከሥራ ተባረረ፤ ሌላ ቦታ ሲያመለክትም ወሬው ቀድሞት እየደረሰ በር ተዘጋበት።

ማይሙና ከሆስፒታል እንደወጣች ሊጠይቃት ባልባላ ሄደ። በሚኒባሱ ውስጥ የሚላትን ሲያሰላስል ነበር፤ አልተቀየምኩሽም ሊላት ወስኖ ነው የወረደው። ልትቀበለው ስትነሳ ሳል ያዛት። ውሃ አቀበላት። ኒዛር ከመርማሪዎቹ ቀድሞ ሆስፒታል መጥቶ እንደነበር፣ ቢሮ ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ እንደሰጣት ራሷ ነገረችው።

«ጋሽ አለምሰገድ፣ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ» አለችው። «ግን በዚህ ሳንባ ሌላ ማን ይቀጥረኛል? ልጆቼን ምን ላድርጋቸው?»

አስቦት የመጣው ቃል ከአፉ አልወጣም።

«አንቺን ላወጣ ስገባ እኔም ልጆች ነበሩኝ» አላት።

ማይሙና አንገቷን ደፋች። እሱም ወዲያው ተጸጸተ፤ ቢሆንም የተናገረውን አላነሳም። ተሰናብቷት ወጣ።

አሁን ጋቦዴ ሰፈር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ ማቀዝቀዣና የአየር ማራገቢያ ይጠግናል። ድርጅቱ ሶፍትዌሩን ግቢው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ አስጭኗል፤ ያኔ የዱባዩን የመረጠው ማን እንደነበር ያነሳ የለም። አልፎ አልፎ ከማይሙና ጋር ሚኒባስ ሲጠብቁ ይገናኛሉ። ሰላም ትለዋለች፤ ስለ ልጆቿ ይጠይቃታል። ደህና ናቸው ትለዋለች። ከዚያ የመጀመሪያው ሚኒባስ ሲመጣ፣ ሁለቱም የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ ቢሆንም፣ እሱ ቀጣዩን ይጠብቃል።