እማማ ሸጌና የቤታችን ክዳን

አምና ጎታዬ ውስጥ ገብስ በቀለ። ማሳው ላይ ብቀል ተብሎ ሲለመን እንቢ ያለ ገብስ፣ ጎታ ውስጥ ሲሆን ያለ በሬና ያለ ገበሬ ለምልሞ ወጣ። የቤታችን ሣር አርጅቶ ልክ ከጎታው ራስ ላይ ያፈስስ ነበርና የሰኔ ዝናብ ገና ሳንዘራ ዘሩን አረጠበው። ያን ጊዜ ከዘመድ ዘር ለምነን ዘራን። ዘንድሮም ከረጠበ ግን የሚለመን ሰው የለም፤ የወረዳችን የደሃና ሰው የያዘው ለራሱም አይበቃው። ስለዚህ ለባሌ ለይስማው ቁርጡን ነገርሁት። ሰኔ ሳይገባ ወይ ይህ ክዳን ይለወጥ፣ ወይ ሚስት ትለወጥ።

«ክዳኑ ይሻላል» አለና ተኛ።

በምን ይከደን የሚለው ክርክር ሁዳዴን ሙሉ ፈጀ። እኔ ቆርቆሮ አልሁ። ይስማው የጎረቤታችንን የምትኩን ቆርቆሮ አነሣብኝ፤ ነፋስ ገንጥሎት ከገደሉ ማዶ አርፎ፣ ወንዶቹ ተሸክመው ሲመልሱት ውለዋል። «ደግሞ በረዶ ሲጥልበት ባልና ሚስት አይደማመጡም» አለኝ። እኔስ የፈለግሁት ለዚሁ አልነበር? በመጨረሻ ሣር አሸነፈ፤ በኅዳር አጭደን ከጓሮ የከመርነው ነበረና። እሱንም ቢሆን አህያችን በየቀኑ ትቀንሰው ነበር። አሥሬ ባባርራት አሥሬ ትመለሳለች። ጣራችን ቤቱ ላይ ሳይወጣ በአህያ ሆድ ሊያልቅ ሆነ።

መቼ ይከደን የሚለው ግን ከሁሉ ባሰ። እንቅፋቱ እማማ ሸጌ ነበሩ።

እማማ ሸጌ የይስማው አክስት ናቸው። ልጅ የላቸውም፤ ቤታቸውም ከቤታችን ቁልቁል ነው። ከጥምቀት ወዲህ አልጋ ይዘዋል። ተናዝዘዋል፣ ቆርበዋል፣ መገነዣቸውም ታጥቦ ተቀምጧል፤ የቀራቸው መሞት ብቻ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ የቀብር ጥሩምባ ከተነፋ ጣራ ላይ የሚቀር ሰው የለም። ልጥ እያሰረ ያለው እንኳ ቋጠሮውን ሳይጨርስ ይወርዳል፤ እስከ ሠልስትም ወደ ሥራው አይመለስም። ክዳኑ የተነሣ ቤት እንደተነሣ ይቆያል። ሸጋው የሚባል ሰው ይኸው ደርሶበት፣ ራቁቱን በቀረው ቤቱ ላይ ዝናብ ወርዶ የግድግዳው ጭቃ ሟሟ። ስለዚህ ይስማው «አክስቴ ይለፉና» ይላል፤ ደቦ የጠራናቸውም ሁሉ «እማማ ሸጌ ይለፉና» ይላሉ። ማንም በክፋት ያለው አልነበረም።

እኔ ጠላ ጠምቄ ቀን እቆርጣለሁ። ዋዜማውን «እማማ ሸጌ ጠንቶባቸዋል» ይባላል። ሰዎቹ ሥራውን ይተዉታል፤ ጠላውን ግን አይተዉትም፣ እንዳይኮመጥጥብኝ አዝነው ይጠጡልኛል። በማግሥቱ እማማ ሸጌ ተሽሏቸው አጥሚት ይጠጣሉ። እንዲህ እያልን ግንቦት ተጋመሰ። አንድ ቀን ከሰቆጣ በኩል ጥቁር ደመና ሲመጣ አየሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብዬ፣ ይስማውን ትቼ ራሴ ልጠይቃቸው ተነሣሁ።

አጥሚት ይዤ ገባሁ። አልጋቸው ከበሩ ሥር፣ ነፋስ በሚገባበት ነበር። ለምን እዚያ እንዳደረጉት አልጠየቅሁም፤ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነዋ። ግን መቼ ይሞታሉ ተብሎ እንዴት ይጠየቃል?

«እንዴት ሰነበቱ፣ እማማ?»

«አለሁ። ይህንን ልታይ አይደል የመጣሽ?»

«ኧረ እኔ ልሙት!»

«አንችማ አትሞችም። ሰው ሁሉ በደጄ ሲያልፍ አንገቱን ያሰግጋል። ይልቅ ክዳናችሁን መቼ ልታነሡ ነው?»

መሸሸጊያ አጣሁ። «እርስዎ ከፈቀዱ… የፊታችን ሐሙስ።»

አጥሚቱን ፉት ብለው ትንሽ አሰቡ። «ሐሙስ አልሞትም» አሉ።

«የእግዜርን ነገር እንዴት ያውቁታል?»

«እግዜርን ለኔ ተይው። ሐሙስ አልሞትም አልሁሽ፤ ሄደሽ ድፍድፍሽን በጥብጭ። ደግሞ አታቅጥኝው።»

ይስማው ይህን ሲሰማ ሳቀ። ቢሆንም አክስቱ ቃላቸውን አጥፈው እንደማያውቁ ያውቃልና እሺ አለ። ሐሙስ ጠዋት ደቦው መጣ። የከዳኞቹ አለቃ ጌታሰው ነበር፤ የእድሩን ጥሩምባ የሚነፋውም እሱ ነው። «አይታወቅም» ብሎ ጥሩምባውን በትከሻው እንዳነገተ ጣራችን ላይ ወጣ። አሮጌው ሣር ሲወርድ ጥቀርሻው የሁላችንንም ፊት አጠቆረው። የሰዎቹ እጅ እኛ ቤት ላይ፣ ጆሯቸው እማማ ሸጌ ቤት ላይ ነበር። ቀትር ሲሆን ቤታችን ወራጅና ማገሩ ብቻ ቀረ። ጎታዬ ሰማይ እያየው ቆመ።

ይህን ጊዜ ከታች «ኡ! ኡ! ኡ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

እኔ ራሴን ያዝሁ። ጌታሰው ሳያጣራ ጥሩምባውን ነፋ። ሰው ከጣራው ላይ እንደ በሰለ ሾላ ረገፈ። ይስማው ጋቢውን አዘቅዝቆ «አክስቴን! እናቴን!» እያለ ቁልቁል ሮጠ፤ እኛም እየጮህን ተከተልነው። እኔም አለቀስሁ፤ ግማሹ ለእማማ ሸጌ፣ ግማሹ ለገብሴ።

ስንደርስ እማማ ሸጌ ዱላ ይዘው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። የምንከድንበትን ሣር ያን ዕለት ሰው ስለከበበው አህያችን ወደ እሳቸው ጓሮ ወርዳ፣ ዝቅ ካለው ጣራ ላይ ክዳናቸውን እየነጨች ትበላለች። የጮሁት በሷ ነበር። ዞር ሲሉ ፊቱ የጠቆረ አልቃሽ መዓት ሲመጣባቸው አዩ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ሁላችንም ወደ ይስማው ዞርን።

«አንተ ይስማው፣ ለማን ነው የምታለቅሰው?»

ይስማው ጋቢውን ቀስ አድርጎ አቃና። «ለ… ለአህያዋ» አለ።

«አህያዋማ ጠግባለች!»

ጌታሰው አህያዋን አባረረና ምን ያህል እንዳጎደለች ሊያይ ወደ ቤት ገባ። ቀና አለና በእጁ ጠራን። እኛም ገብተን ቀና አልን። አህያዋ የበላችው ትንሽ ነው፤ የቀረውን ዘመን በልቶታል። ጣራው ከምሰሶው ጀምሮ እስከ ጓዳው ሰማይ ያሳያል። ደህና ክዳን የቀረው ከበሩ ሥር፣ አልጋቸው ካለበት ብቻ ነበር። ከጥምቀት ጀምሮ ያልጠየቃቸው ሰው የለም፤ ግን ሁላችንም ዓይናችን እሳቸው ላይ ነበር፣ ይተነፍሱ እንደሆነ ለማየት።

«እስካሁን ያልሞትሁት በምን መሰላችሁ?» አሉ። አማርኛው አልበቃቸው ብሎ በአገው ቋንቋቸው በኽምጣና ጨመሩበት፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሱ። «ዝናብ ሲጥል ብሞት ለቀስተኛው የት ሊቀመጥ ነው? ሬሳዬ ላይ እየተንጠባጠበ ቄሱ ጃንጥላ ይዘው ሊፈቱኝ ነው? ሸጌ በሚያፈስስ ቤት ሞተች ከምባል፣ ጥቂት ቀን ጨምርልኝ እያልሁ እለምነዋለሁ። እናንተ ደግሞ ትሙትና ክዳን እናንሣ ትላላችሁ!»

«ምነው ታዲያ ቢነግሩን?» አለ ይስማው።

«ልለምን ኖሯል? ዓይን የላችሁም?»

እኔ በጣም ተናደድሁ፤ በማን እንደተናደድሁ ግን አላወቅሁም። ደመናው እየከበደ ነበርና ሁላችንም ወደ ላይ ወደ ቤታችን ሮጥን። ደቦ እንዲያ ሲሠራ አይቼ አላውቅም፤ ጠላ የጠየቀ እንኳ አልነበረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉልላቱ ተቀመጠ።

የተረፈውን ሣር ደርበን ልናለብሰው ነበር ሐሳባችን፤ አንድ ድርብ ብቻ ክረምቱን አያስተማምንም። ይስማው ሣሩን አየና እኔን አየኝ። እኔም ጎታዬን አየሁ።

«ምን ታየኛለህ? ጫን!» አልሁት።

አርብ ጠዋት ሣሩ በዚያችው አህያ ጀርባ ቁልቁል ወረደ። ደቦውም ሳይጠራ መጣ። እማማ ሸጌ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «እዚያ ጋ ሳሳ»፣ «አንተ ጌታሰው፣ ቋጠሮህን አጥብቅ» እያሉ ሲያዙ ዋሉ። ጥሩምባውንም ከጌታሰው ተቀብለው ከበርጩማቸው ሥር አኖሩት።

እሑድ ዝናቡ ወረደ። ጎታዬን በእጄ ዳበስሁ። አልጋችን ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ዘሩ ግን ደረቅ ነው። እልልታዬን ዋጥ አድርጌ፣ ማዳበሪያ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ወደ እማማ ሸጌ ሮጥሁ።

አልጋቸውን ከምሰሶው አጠገብ አስወስደዋል። ገና ስገባ «እዚያ ተቀመጭ» አሉኝ ግድግዳውን እያሳዩ። ተቀመጥሁ።

«ጠብታ ይነካሻል?»

«ኧረ አይነካኝም።»

«እሱ የቄሶቹ ነው። አሁን ወደዚህ ነይ፤ ይህ የወንዶቹ ነው።»

እንዲህ እያሉ ለቀስተኛ የሚቀመጥበትን ሁሉ በየተራ አስቀመጡኝ። አንዱ ጋ ሞቅ ሳይለኝ ወደ ሌላው ያስነሡኛል። የትም ጠብ የሚል የለም። በመጨረሻ ከራስጌያቸው በኩል ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይህ የልጅ ነው» አሉ። «አንች ተቀመጭበት።»

ተቀመጥሁ። ቀና ብዬ አዲሱን ሣር አየሁ፤ ከዚያ ከሥሩ የተኙትን ትንሽ ሴትዮ አየሁ። መሞታቸውን ስጠብቅ ነበር የከረምሁት። እንዳይሞቱብኝ የፈለግሁት ያን ዕለት ነው። እንባዬ መጣ።

«ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ለዚያ ቀን አስቀምጭው!» ብለው ተቆጡ።

እኔ ግን አላስቀመጥሁትም። እዚያው፣ እየሰሙኝ አለቀስሁላቸው።