በብሎን የታሰሩ አልጋዎች

«አልጋዎቹ ይምጡ» አለች አክስቷ። «እንግዶቹ አሥር ሰዓት ላይ ይገባሉ። እዚህ እንኳን መኝታ መቀመጫም ጠፍቷል። አናጢውን ልኬዋለሁ፣ እየነቀለ ነው።»

ልጅቱ የሻይ ብርጭቆ የሞላበትን ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። አባቷ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዘግይቶ የመጣ ለቀስተኛ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያም የዘገየው ቆሞ ነፍስ ይማር ብሎ ይመለሳል።

«የትኞቹን አልጋዎች?» አለች፣ መልሱን እያወቀች።

«የሆቴሉን ነዋ። ሌላ ምን አልጋ አለን?»

ሆቴሉ ከመንገዱ ማዶ በመስኮቱ ይታያል። አሥራ ሁለት ክፍል ያለው፣ አጥር የሌለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። የሚከፈተው የፊታችን ቅዳሜ ነበር። አባቷ እሑድ ማታ አረፈ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ቅዳሜ ደፍሮ ያነሳ ሰው የለም።

በሹክሹክታ ግን ተነስቷል። ትናንት ትሪውን ይዛ ስትዞር ልብስ ሰፊዋ ለጎረቤቷ «መጋረጃዎቼን አሁን ብጠይቅ ነውር ይሆን?» ስትል ሰምታለች። ጎረቤቷም «ለነገሩ የኔም ወንበሮች እዚያ ናቸው» አለቻት። ክፋት የለባቸውም። በሰፈሩ ለዚያ ሆቴል በእጁ የሠራውን ያልሰጠ ቤት የለም፤ ሆቴሉ ካልተከፈተ ደግሞ ዕቃው ለባለቤቱ ቢመለስ ማን ይፈርዳል? አልጋው ከወጣ መጋረጃው ይከተላል፣ ከመጋረጃው ወንበሩ። ማንም ማንንም ሳይበድል፣ በይሉኝታና በመልካም ቃል፣ የአባቷ ሥራ በሳምንት ውስጥ ይበተናል።

ትሪውን አጠገቧ ላለው ሰው አስይዛ ወጣች።

ሰፈሩ አባቷን «ካፒቴን» ይለው ነበር፣ ለቀልድ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመርከብ ሠርቷል፤ መሪ ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። ሥራው ከታች፣ ከሞተሩ ጎን፣ አንሶላ ማጠብና መተኮስ ነበር። «ዓለምን ዞሬያለሁ፣ ባሕር ግን ብዙም አላየሁም» ይል ነበር። ሌላው መርከበኛ ስለ ድልድይና ስለ ሕንፃ ሲጽፍ፣ የሱ ደብዳቤ ሁሉ ስለ አቀባበል ነው። «እዚህ ያረፍኩባት ሴትዮ ውሃ ሳታቀርብልኝ ስሜን አልጠየቀችኝም።» «እዚህ እንግዳና ጎረቤት የሚበሉት ባንድ ገበታ ነው፤ ብቻውን የሚጎርስ እንግዳ አላየሁም።» አንዴ ደግሞ፦ «ያሳደሩን ቤት ያማረ ነው፣ ግን የሰፈሩ ሰው በበሩ ዝር አይልም። እስር ቤት ማለት ነው፤ ልዩነቱ ፎጣው ብቻ ነው።»

ከደብዳቤው ጋር ሁልጊዜ አንዲት ትንሽ ሳሙና ትመጣለች፣ የእንግዳ ማረፊያ ሳሙና የምትመስል። የሌሎች ልጆች አባቶች ጫማ ይልኩ ነበር። እሷ ሳሙናዎቹን በቆርቆሮ ጣሳ አጠራቀመቻቸው፤ በንዴት ባንዱም ሳትታጠብ አደገች። ጡረታ ወጥቶ ሲመጣና ሆቴል ልሥራ ሲል በሆዷ ይዛ የኖረችውን ቅያሜ አወጣችው። «ለዓለም ሁሉ ስታነጥፍ ኖረህ ለኔ አንድ ቀን አላነጠፍክልኝም» አለችው። አባቷ አልተቆጣም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። በማግስቱ አንሶላ ይዞ መጣና ጠርዙ ፍራሹ ሥር እንዴት እንደሚታጠፍ ሲያሳያት ዋለ። ቅር እንዳላት ተማረች፤ አንድ ወር ሳይሞላ ከሱ እኩል ታነጥፍ ጀመር።

አናጢው በመጀመሪያው ክፍል አልጋ ሥር ተጋድሟል። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይውጡ።»

«እንቢ አለኝ እኮ!» አለ ከሥር። «አንዱን ብሎን ለማላላት ግማሽ ሰዓት። በአልጋ አራት እግር፣ አሥራ ሁለት አልጋ… ይሄ ሰውዬ ሞቶም ያሠራኛል።» ወጣና አቧራውን አራገፈ። ዓይኑ ቀልቷል፣ በአቧራው አሳብቦ ጠረገው።

በነዚህ ብሎኖች ያልተጣሉት ጥል አልነበረም። መርከብ ላይ አልጋ ከወለሉ ጋር ይታሰራል፤ አባቷም የሆቴሉ አልጋ ሁሉ ካልታሰረ ብሎ ድርቅ አለ። አናጢው «ቤት እኮ ነው፣ አይንሳፈፍም!» ብሎ ጮኸ፤ ሰፈሩ ሳቀ። አባቷ ግን እንዲህ አለ፦ «ሰው በማያውቀው አገር ሲተኛ መሬቱ ይነዋወጥበታል። ቢያንስ አልጋው ይርጋለት።» አናጢው ሳምንት ሙሉ አኩርፎ መጣና አርባ ስምንቱንም ብሎን በገዛ እጁ አሰረ።

«አይነቀሉም» አለች ልጅቱ።

«አክስትሽ አዘዘችኝ። እኔ በሁለት ዝሆን መሀል…»

«ዝሆኗ መጣሁ» አለች አክስቷ ከኋላ። መንገዱን ስትሻገር ትንፋሽ አጥሯታል። «ምን ሆነሻል? ከሩቅ የሚመጡት ሽማግሌዎች መሬት ይተኙ?»

«አልጋው ወደ እንግዳው አይሄድም፣ አክስቴ። እንግዳው ወደ አልጋው ይምጣ።»

«አፈሩ ሳይደርቅ ሆቴል ከፈተች ይሉሻል። የሰው አፍ አታውቂም።»

«ይበሉ። ያባቴ እንግዶች ናቸው፣ ያባቴ ቤት ያድራሉ። ለቅሶውም እዚሁ ይሻገር፤ ገበታው አርባ ሰው ያስቀምጣል። ይህን ቤት ዛሬ ካፈረስነው ሁለተኛ አይቆምም፤ እኔም ሁለተኛ ቀና አልልም።»

አክስቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እጇ ወርዶ የአንሶላውን መታጠፊያ ዳሰሰ። እንደ ደብዳቤ ፖስታ ጥርት ብሎ የታጠፈ ነው።

«ይሄን ማን አነጠፈው?»

«እሱ። አሥራ ሁለቱንም። እሑድ ጠዋት።»

አክስቷ ቶሎ ብላ ብድግ አለች። የተቀመጠችበትን በመዳፏ አስተካከለች፤ ደግማ አስተካከለች። ከዚያ ወደ አናጢው ዞረች።

«አንተ ምን ይገትርሃል? መፍቻህን አስቀምጥና ወንበሮቹን ከዚያ ቤት አሻግር። ለቅሶው እዚህ ነው በል። ልብስ ሰፊዋንም ጥራት፣ የዚያኛው መስኮት መጋረጃ ተንጋዷል።»

አሥር ሰዓት ላይ ስድስት ሽማግሌዎች ቦርሳቸውን እየጎተቱ ከአውቶቡስ ወረዱ። ሁሉም ከአባቷ ጋር በመርከብ የሠሩ ናቸው።

«ቤቶች!» አለ የፊተኛው፣ የመርከቡ ወጥ ቤት የነበረው።

«ቤት ለእንግዳ!» አለች አክስቷ፣ በሩን በሁለት እጇ ወለል አድርጋ ከፍታ። እንዲያ ኮርታ ልጅቱ አይታት አታውቅም።

ሽማግሌዎቹ ገብተው አለቀሱ፣ ሰፈሩም አብሮ አለቀሰ። ውሃ ከተሰጣቸው በኋላ ነው ስማቸው የተጠየቀው። ከዚያ ወጥ ቤቱ ማንም ሳያመለክተው ወደ ግራ ታጥፎ ረጅሙን ገበታ አገኘው።

«አያስገርማችሁ» አለ፤ «ሠላሳ ዓመት ይህን ቤት ሲነግረን ኖሯል። ካውያውን እየገፋ። እኛ እንስቅበት ነበር።» ወደ ልጅቱ ዞረ። «አንቺ የሳሙናዋ ልጅ ነሽ?»

«የቱ ሳሙና?»

«በየወደቡ የሚገዛልሽ ነዋ! ባረፍንበት ቤት የሚሰጡን ለሱ አይሆንም። ገበያ ወጥቶ ሲያሸት፣ ሲመልስ፣ ደግሞ ሲያሸት መርከቡ ሊያመልጠን ይደርሳል። ‹ልጄ እጇን ስትታጠብ ያለሁበትን ትሽተት› ይላል።»

ልጅቱ ወደ ቤት ሮጣ በጣሳዋ ተመለሰችና በየክፍሉ እየዞረች በየትራሱ ላይ አንዳንድ ሳሙና አስቀመጠች። አንዷን ለራሷ አስቀረች፤ በሷም ፊቷን ታጠበች።

ሽማግሌዎቹ ክፍል ክፍላቸውን ሲይዙ እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ወጥ ቤቱ አምስተኛው ክፍል ገብቶ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ አልጋውን በጉልበቱ ገፋ አደረገው። የመርከበኛ ልማድ ነው። አልጋው ንቅንቅ አላለም። «አይ አንተ ሰው!» አለና እየሳቀ እንባው ወረደ። ወዲያው ከሁለተኛው ክፍል ጉልበት ሲመታ ተሰማ፣ ከሦስተኛው፣ ከስድስተኛው። ሰፈሩ ከታች ሆኖ ሰማ። አናጢው አገጩን ቀና አድርጎ «እኔ ነኝ ያሰርኳቸው» አለ፣ ላልጠየቀው ሰው ሁሉ።

ያኔ ትዝ አላት። የመጀመሪያው ክፍል አልጋ አንድ ብሎኑ ላልቷል፤ እሱን ገና ማንም አልያዘውም።

መፍቻውን ከመስኮቱ ሥር አነሳች። ጥቁር ልብሷን ሰብስባ አልጋው ሥር ገባችና ብሎኑን አጠበቀች፤ የእጇ አንጓ እስኪያማት፣ መፍቻው አልዞር እስኪል። ከዚያ ወጥታ ቆመች፣ አባቷ ያጠፈውን ጠርዝ እንዳትነካ ተጠንቅቃ አልጋውን በጉልበቷ ገፋችው።